እምቢ ያለው በር

ፓርኑ ላይ ክረምት ነው፤ ባሕሩ እንደ ጮማ ረግቷል፣
የእናቴ ጠረጴዛ ወረቀት ለብሷል፤
ከድሮ ፖስታ ላይ የተላጠ ቴምብር፣
ከዕድሳት የተረፈ የግድግዳ ወረቀት፣ ጥብጣብ ከስፌት ሣጥን ዳር፣
ጊዜው ያለፈበት የአውቶቡስ ካርታ፣
ለቅጠል ብላ አንድ ወንዝ ቆርጣለች፣ ሁለት መንደር ትታ።

ሂልየ ትባላለች፤ ስልሳ ስምንት ነው ዓመቷ፣
በፖስታ ቤት ማኅተም ስትመታ ያለቀ ወጣትነቷ።
መብሻውን ጠቅ ስታደርግ አበባው ዱብ ይላል፣
አምስት ቅጠል አለው፣ ከጥፍሯ ያንሳል።
ወፍራም ካርቶን ላይ ሙጫ ቀብታ፣
ድርብ በድርብ ታነባብራለች ትንፋሿን ገትታ፤
መሐሉ ላይ ዶቃ፣ ከጀርባው ማግኔት፣
የሸሚዝ ቁልፍ ብታህልም አላት ጉልበት።

አሥራ ሁለት ሠራች። አንዷን ግን አብዝታ አስጌጠቻት፣
ጌጧ ከበዳትና ከፍሪጁ ላይ ቁልቁል አንሸራተታት፤
ብቻዋን ሳቀች እናቴ፦ «ሙሽራ ናት፣
ቀሚሷ የሚጥላት!»

ለእኔ ነው ይህ ሁሉ። ታሊን ቤት ገዝቼ፣
ብልጭልጭ ፍሪጅ አስገብቼ፣
ሣጥኑን ስከፍት ጥጥ ላይ ተኝተዋል አሥራ ሁለቱ፤
ልለጥፍ ብል —
በሩ እምቢ አለ፤ የማይስብ ዓይነት ነው ብረቱ።
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ማታውን ሙሉ በጉልበቴ ዳዴ፣
አንዲት ዶቃ ፍለጋ፣ ከምድጃው ሥር በእጄ።

«እንዴት ነው፣ ያዙልሽ?» ብላ ደወለች፤
«ያዙ» አልኳት።
ቃሏ ከአፌ ቁልቁል ተንሸራተተች።

በመጋቢት መጣች፣ በጠዋቱ አውቶቡስ፣
ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ስትደርስ፣
ባዶውን በር አየች።
አልተቆጣችም። ሣጥኑን ከመሳቢያ አወጣች፣
የት እንደደበቅሁት እንዴት አወቀች?
አንዷን ማግኔት ይዛ፣ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም፣
ቤቴን ዞረች። መስኮቱ? እምቢ። መደርደሪያው? የለም።
የማሞቂያው ብረት ሳብ አደረጋት፤
ግን ሙጫው ይቀልጣል፣ ትኩሳት አለበት።
በመጨረሻ የውጪው በር፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ልቀይረው ያሰብኩት፣ ዝገቱ ያገጠጠ፣
ቋ! ብሎ ተቀበላት።
አሥራ ሁለቱንም ለጠፈች፣ እንደመጣላት።

አሁን ስወጣ የወንዙን ቁራጭ አያለሁ፣
የዚያ መንደር ስሙ ማን ነበር እላለሁ።
ሙሽራዋ ግን ዛሬም ትንሸራተታለች፤
ማታ ከመቆለፊያው እኩል የነበረች፣
ጠዋት ከእጀታው በታች ወርዳ ትጠብቀኛለች።
ቁልፌን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ጣቴ ወደ ላይ እገፋታለሁ፤
አውቶቡሱ ያመልጠኛል፣
አረፍዳለሁ።