የመስከረም ተረኞች

ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከውኃ ፓምፑ ግቢ፣
ሁለት ነበርን ዘብ፤ እሱ ነባር፣ እኔ አዲስ ገቢ።
ሙሄ ይብሬ፣ ዓይኑን ሞራ ጋርዶበት
ያየ መስሎ ያድራል፣ አለቃ እንዳያውቅበት፤
ጆሮው ግን፣ ወላሂ፣
ድመት አጥር ስትዘል የትኛው እግሯ እንደቀደመ ይነግርሃል።

መስከረም በባተ በስምንተኛው ሌሊት
መብራት ጠፋ። ከተማው ተራገመ።
ፓምፑ ትንፋሹን ዋጠ። ሙሄ ፈገግ አለ።
«ተነሥ፤ ቆመጡን ተውና ጆሮህን ታጠቅ፤
ከላይ መንገደኛ አለ።»

አንጋጠጥኩ። ኮከብ። ኮከብ። ሌላ ምን አለ?
«ፕሲት» አለ አንድ ነገር፣ የክብሪት ጭረት ያህል።
«ምንድነው?» «ወፍ።» «የታል?»
«የታል አይባልም። ወዴት፣ ከማን ጋራ፣ ነው የሚባል።
የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ቀን ይበላል፣ ማታ ይጓዛል።»

እኔስ ምን ያልቆጠርኩ! የእንቁራሪት ጉሮሮ፣
የአይሱዙ ቺንጋ ከመርሳ ሲመጣ አቀበት ላይ አርሮ፣
የገዛ አፍንጫዬ ፉጨት፣ ጉንፋን ይዞት አድሮ፣
ሁሉን «ወፍ!» ብዬ ስነግረው፣ ሙሄ በሳቅ ሰክሮ፦
«አብሽር፤ ጆሮም እንደ ጥጃ ነው፣ ገመዱን ሲለምድ ይቆማል።»

ስማቸውን ከመጽሐፍ አልነበረም የሚያውቀው።
እርጥብ ጣት ብርጭቆ ላይ ሲዞር የሚመስለውን
«ሙሽሪት» ይለዋል፤
ሳንቲም ቆርቆሮ ላይ የሚጥለውን «አራጣ አበዳሪ»።
ንብ በሏ ጉሮሮዋ ውስጥ ዶቃ ይንከባለላል።
ድርጭት ሦስቴ ነች፤ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ እንደ ላላ ቧንቧ።
(ያን ሰሞን ተነሥቼ ቧንቧ ልዘጋ ሄጃለሁ፣ ሁለት ጊዜ።)

«ግን ለምን ይጮኻሉ? ጸጥ ብሎ ማለፍ አይሻልም?»
«እኛስ? አንተ በምሥራቁ በር፣ እኔ በምዕራቡ፣
በየግማሽ ሰዓቱ የምናፏጨው ምን ልንል ነው?
‹አለሁ። አለህ?›
ከዚህ ወዲያ ምን ወሬ አለ በጨለማ?»

ከመስቀል በኋላ ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ ግቢውን ዋጠው።
ያን ዕለት መብራት ነበር፤ ፓውዛው ከማማው አናት በርቶ
ጉሙን ወተት አስመስሎታል። ድንገት ሰማይ ዝቅ አለ፦
ሙሽሪት፣ አበዳሪ፣ ዶቃ፣ ጠብ ጠብ፣
አንዱ ሲያባራ አንዱ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፤
እኔ ስም እየጠራሁ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ፣
«ሙሄ፣ ሁሉም መጡ! ሁሉንም ለየኋቸው!»

ሙሄ አልሳቀም።
«መጡ አትበል። እየዞሩ ነው።
ይቺን ዶቃ ስማት፤ በራሳችን ላይ ስታልፍ አራተኛዋ ነው።
መብራቱ ይዟቸው ነው። አጥፋው።»
«አለቃስ? ሌባስ?»
«አጥፋው አንተ ልጅ፤ ሌባ አንድ ሌሊት ቢሰርቅ አገር አይፈርስ።»

ማብሪያውን ጎተትኩት።
ጩኸቱ ትንሽ ቆየ፤ ተጠያየቀ፤
ከዚያ አንድ ድምፅ በደቡብ በኩል፣ ሌላው ተከተለው፣
ሌላው፣ ከእንዝርት እንደሚተረተር ፈትል
ወደ አርዲቦ ቀጠነ፣ ቀጠነ።

የሦስት ቀን ደመወዝ ተቀጣን፤ «ፓውዛ ያለፈቃድ በማጥፋት»።
ሙሄ በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ «የወፍ ቀረጥ ነው» ብሎ።

ዘንድሮ እሱ የለም፤ ኩታበር፣ ልጁ ቤት ነው፤
አንድ ወገን ጆሮውም ከድቶታል አሉ።
ማታ ይደውላል፤ ሰላምታም የለው፤
«ስልኩን ወደ ላይ ያዝልኝ» ይላል።
እይዛለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል።

ትናንት ምንም አላለፈም። ነፋሱ ከፊታቸው ነበር።
ዝም ብለን ቆየን፣ እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ፣
ሒሳቡ እየቆጠረ።
የምለው ሳጣ
አፏጨሁ።