ቅድሚያ ለኮርኒስ

ዕቁብ ወጣልኝና በነሐሴ መባቻ፣
ብሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለብቻ፣
ከሂርማታ ወዲያ ጭቃውን እየዘለልኩ
ከነዚፍ ሬዲዮ ሠሪው ደጃፍ ላይ ደረስኩ።
«አምፕሊፋየር» አልኩት፣ «ትልቁን፣ ባለ መርፌውን፣
ሰማያዊ መብራት ግንባሩ ላይ ያለውን።»

ነዚፍ ቀና አላለም። ካውያውን እንደያዘ፣
የስታኞው ጭስ በቅንድቡ እንደተጓዘ፣
«ስፒከርህስ?» አለኝ።
            «አለ፤ ግን አርጅቷል፤
አንደኛው ተቀዶ በማስቲሽ ተይዟል።»
«እና ምን ሊረባህ? ለኮልታፋ ሰው
ሳንባ ብትገዛለት
መኮላተፉን ነው አገር የሚሰማው።
አፉን አስቀድምለት፤ ጉልበት ኋላ ይምጣ።
የሽቦውን ወሬ ሥራ የፈታ ያምጣ።»

ሳጥኑን ሙዘይን ሠራው፤ ዕድሜውን በሙሉ
በርጩማ ሲጠርብ የኖረ፣ ጣቶቹ የጎደሉ።
ዋንዛውን ሲያንኳኳ ጆሮውን አስጠግቶ፣
«ሐብሐብ ነው እንዴ?» አልኩት።
            ዝም አለኝ ተቆጥቶ።
የስፒከሩን ሆድ ዕቃ ነዚፍ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት አመጣ፤
የዕቁቤ ሲሶ በዚህ ወጣ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገጠምነው። ካሴቱን ከተትኩ።
ክራሩ ሁለቴ ተመታ፤ ሦስተኛውን ሳልሰማው ቀረሁ፤
የጅማ ዝናብ መጣ።
አንድ መኪና ጠጠር ከሰማይ የተገለበጠ ያህል
ቆርቆሮው ላይ ወረደ።
ነዚፍ ጣራውን አየ። እኔም ጣራውን አየሁ።
በኪሴ የቀረውን ብር በጣቴ ዳሰስኩ።
«እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ «ቅድሚያው ለእሱ ነው!
እዚህ ቤት ትልቁ ስፒከር ጣራህ ነው!»

ብሩ ኮርኒስ ሆነ፤ ቺፑድ፣ ማገር፣ ሚስማር።
ዙሪያሽ መሰላሉን ይዛ ከሥር ትናገር ነበር፦
«አሥራ አራት ክረምት ሙሉ ኮርኒስ ስለምንህ
እኔ ሳወራ ነበር ዝናቡ የሚያሸንፍህ፤
ለካ ለካሴት ነው ጆሮ ያለህ።»
መልስ አልሰጠሁም። ሚስማር በጥርሴ ነክሼ ነበርና።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠራ። ማታ፣
በዚያው መርፌ በሌለው በአሮጌው አምፕሊፋየር
ያንኑ ካሴት ደገምኩት፣ የልጃችን ክርስትና ዕለት የተቀዳውን።
ክራሩ ወጣ፤ ጥፍሩ ጅማቱን ሲነካ ሳይቀር።
ከክራሩ ኋላ ግን
ዘመኔን ሁሉ የቴፑ እርጅና ነው ያልኩት፣
ያ ሹክሹክታ፣
ዝናብ ነበር፤
የዛሬ ሃያ ዓመት ክረምት፣ በዚሁ ቆርቆሮ፣ በዚሁ ቤት።

ድምፁን ከፍ አላደረግኩም።
ዙሪያሽ ከጓዳ ብቅ አለች፣ ኮርኒሱን አየች፣
«ያፈስሳል እንዴ?» አለች።