የውሃ ተራ

ሻሞዞን ላይ ወይኑ ገደል ተደግፎ፣
እርከን በእርከን ላይ፣ ካብ በካብ ተቃቅፎ፣
ከታች ሮን ይፈሳል በረዶ ውሃ አዝሎ፣
ከላይ ነፋሱ አለ፣ ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ ቸኩሎ።

ከነጩ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ቀድማ ደርሳ
ቁርሷን ከምትበላበት ጤዛውን አብሳ፣
የኦዲል ፒኖ አለ፤ ቆዳው ስስ፣ አመለኛ፣
ዝናብ ሲበዛ አኩራፊ፣ ሙቀት ሲበዛ ሕመምተኛ፤
ግን ደግ ዓመት ሲሆን፣ በጥሞና ሲጠጣ፣
የቼሪ ሽታ ነው፣ ገብቶ የማይወጣ።

ከታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ አሸዋው ከሞላበት፣
የወንድሟ የፊርመን ጋሜ አለ፣ ዘለላው ካዘነበለበት፤
ላለፈ ለገደመው እጁን የሚዘረጋ፣
እንጆሪ እንጆሪ እያለ የሚስቅ ገና ሳይነጋ።

አባታቸው ሊሞት ሲል መሬቱን ከፈለና፣
«ለብቻው ማንም እንዳይጠምቅ» ብሎ ቃል አስገባና፣
አንድ ጋን፣ አንድ ምድር ቤት፣ አንድ ቁልፍ ተወላቸው፤
የመስኖውን ውሃ ግን ተራ አላወጣላቸው።

አንድ የድርቅ ሰኔ፣ ፊርመን በሌሊት ተነስቶ
ቦዩን ወደ ራሱ አዞረው አሉ፣ ሳንቃውን ፈንቅሎ ከፍቶ።
እሷ «አይቼዋለሁ» አለች። እሱ «ዋሸች» አለ፤ «ዋሸች»።
ውሃዋ ያኔውኑ ፈስሳ ሄደች፤ ቃሏ ግን አስራ አንድ ዓመት ቆየች።

አስራ አንድ መኸር ሙሉ እነሱ ሲኮራረፉ
ፍሬዎቻቸው ግን ጋን ውስጥ ተቃቀፉ።
እኔ ነኝ ድልድዩ፤ በርሜል አጣቢ፣ ቁልፍ ያዥ፣
የእሷን በቀኝ፣ የእሱን በግራ፣ አመላላሽ።
ከእሷ ሁለት እጅ፣ ከእሱ አንድ፤ የቤቱ ደንብ ይኸው ነው፤
ፒኖው ድር ሆኖ ሲዘረጋ ጋሜው ማግ ሆኖ ሊሞላው።
ዶል ይሉታል ስሙን። አገሩ ቫሌ ነው።

ዘንድሮ በሐምሌ በረዶ ወረደ፣
የእንቁላል ያህል፤ የታችኛውን እርከን ጠርጎ ሄደ።
ፊርመን ካቡ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ሲያየው አየሁት፤ አልተናገረም፣ ራሱን ብቻ ነቅንቆ።

ኦዲል ብቻዋን ጠመቀች። ኅዳር ላይ ቀዳሁላት፤
እንደ እህል አኘከችው፣ ተፋችው፤ የምትለው ጠፋት።
«ምንም አልጎደለውም» አለች። «ግን የሚያነጋግረው የለም።»
ከዚያ ዝም። ከበርሜሉ ሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ለዘላለም።
«ፊርመን ከአምናው ጋሜ ትንሽ ሳያስቀር አይቀርም፤
ሂድ። የላከህ ጋኑ ነው፤ የእኔን ስም አትጠራም።»

ሄድኩና «ጋኑ ጠምቶታል» አልኩት። መቀሱን ዘጋ፤
«የማን ተራ ነው?» አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ጓዳው ተጠጋ።
በማግስቱ ራሱ መጣ፣ በርሜሉን በጋሪ ጭኖ፣
የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ በተወለደበት ቤት እንግዳ ሆኖ።

ማዕድ ቀረበ። የአጃ ዳቦ፣ እንደ ካቡ ድንጋይ የጠጠረ፤
ቋንጣ ልበለው? እንደ ወረቀት ስስ፣ በተራራ ንፋስ የከረረ፤
ከእሳቱ ፊት ግማሽ አይብ፣ እያዠ፣ እየቀለጠ፣
ኦዲል በቢላ ጀርባ ድንች ላይ ስትገፋው ጠረኑ ቤቱን ዋጠ፤
ከአደን የተረፈ የተራራ ፍየል ወጥም ነበር።
ወፍራም ጠጅ አይቡን ይጫነዋል፤ ስሱም ለፍየሉ ያንሳል፣ ያፍር፤
ዶል ግን ለሁሉም ወንበር ይስባል፤ ለጨው፣ ለስብ፣ ለዱር።

በማንቆርቆሪያ ደባለቅሁት፣ ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ፤ ቀዳሁ።
ጠጡ። ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለቱም አልሰማሁ።
ፊርመን ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ ቅላቱን አየ፤
«ትንሽ ቀዝቅዟል» አለ።
«በእጅህ ያዘው» አለች። «ይሞቃል፣ ከቆየ።»