ውል ፍለጋ

ዉች ትባላለች ከተማይቱ፣ የፖላንድ የጨርቅ አገር፣
ጢስ ያጠቆረው ጡብ፣ ትራም ሲያልፍ የሚርድ ሰፈር።
እኔ የምጣኔ ሀብት ተማሪ፣ ገና ሁለተኛ ዓመት፣
አከራዬ ወይዘሮ ያድቪጋ፣ ጡረታ የወጣች ፈታይ ናት።

በቋንቋቸው ቶሎ የለመድኩት ቃል "የለም" የሚለው ነው፤
ሳሙና የለም፣ ሥጋ የለም፣ ክር የለም፤ ሰልፉ ግን ረዥም ነው።
በክፍል ውስጥ ደግሞ፣ በሰሌዳው ላይ፣ ጎደሎ አይታወቅም፤
ዕቅዱ ሁሌ መቶ ሦስት ከመቶ፤ "እንዴት?" ብሎ ማንም አይጠይቅም።
"ገልብጡ" ሲሉን ገለበጥን፤
በሞላ ዓምድ ላይ ባዶ ቅርጫት አንጠለጠልን።

አንድ ማታ፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ በረዶ መስኮቱን ሲመታ፣
የሟች ባሏን ሹራብ ይዛ መጣች፣ ከሣጥን አውጥታ።
ክርኑን ብል በልቶታል። መቀስ አልያዘችም።
መብራት ሥር ዘረጋችው፤ አልቸኮለችም።
"የቸኮለ ይቆርጣል" አለች፣ "የቆረጠ ሺህ ቁራጭ ያገኛል፤
ውሉን ያገኘ ግን አንዱን ስቦ ሁሉን ያስከትላል።"
በመጨረሻ የተቋጠረውን ነው መጀመሪያ የሚፈቱት፤
አንገትጌው ሥር አገኘችው፣ ጣቶቿ ናቸው ያዩት።

"ና ያዝልኝ" ብላ ሁለት እጄን አስዘረጋችኝ፤
እንደ እስረኛ ፊቷ ተቀመጥኩ፣ በክር ጠመጠመችኝ።
ረድፍ በረድፍ ትከሻው ሄደ፣ ደረቱ ሄደ፣ ብብቱ፤
ባሏ ክር ሆነ በእጄ ላይ፤ ዝም አለች፣ ዝም አለ ቤቱ።

ያኔ ትዝ አለኝ የአገሬ ቃል። ትንተና እያልን የምንጽፈው፣
ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነው፤ የኩታ ዘርፍ ነው የሚያውቀው።
ፈትልን ከፈትል መለየት ነበር፤ ያውም በጣት፣ ያውም ቀስ ብሎ።
እኛ ግን በየሐሙሱ፣ በተማሪዎች ማደሪያ፣ በር ተቆልፎ፣
"ሁኔታውን እንተንትን" ይላል ጥላዬ፤ መቀሱን ስሎ።

ያን ሰሞን የተቆረጠው መርዕድ ነው። ጥፋቱ ጥያቄ ነበር፦
"እህሉን ማን ሄዶ ቆጠረ? በየትኛው ቁና ተሰፈረ? በየትኛው መንደር?"
"ይታገድ የምትሉ" ተባለ። እጆች ወጡ። የእኔም ወጣ።
በሦስተኛው ሳምንት ወደ አገር ቤት በረረ፤ ደብዳቤ አልመጣ።

አሁን ያቺው እጅ፣ ቀኜ፣ ክር ተጠምጥሞባት ተገትራለች፤
ወይዘሮ ያድቪጋ ክሩን በሳበች ቁጥር፣ ትንሽ ትንሽ ትነሣለች።
ምን አነሣሽ? አልኳት በልቤ። መቀስ ልመዝ ቃጣኝ፤ ተውኩ።
እንደ አከራዬ፣ በጥፍሬ ጫፍ ውሉን ዳበስኩ።
ሁለት እጅ ፍርሃት። አንድ እጅ የነጻ ትምህርቱ ነገር።
አንዷ እጅ ቅናት ነበረች፤ መርዕድ ከእኔ ይበልጥ ነበር።
ይቺኛዋን ለማንም አላወራሁም።

የተፈታ ክር ጠማማውን አይረሳም፤ የድሮው ሹራብ ውስጡ አለ፤
አጥባ፣ ብሎን አስራበት፣ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ዋለ።
ብል ያገኘውን ጥላ የተረፈውን መዘነችው፤
በግራም ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።
በዚያ ዓመት ያየሁት እውነተኛ ሰንጠረዥ እሱ ነው፤
ስንት እንደጎደለ፣ በእርሳስ፣ ከታች የተጻፈው።

በጥር ፈተና ጻፍኩ፦ "ከመቶ በላይ ያለው ሦስት የት ሄደ? ማን ገዛው?"
መምህሩ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጡኝ፤ ወረቀቱን ግን አጥፈው፣ ደረት ኪሳቸው ያዘው።

ሹራቡን ለእኔ ነው የሠራችው። ክሩ አልበቃም፤
ግራ እጅጌው ሙሉ፣ ቀኙ አጭር።
"በሌላ ቀለም ልጨርሰው?" አለች። "አይ" አልኳት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።
ዛሬም ብርድ ሲመጣ፣ ትራም ስጠብቅ፣
ሰውነቴ ሁሉ ሞቆ፣ ቀኝ አንጓዬ ከእጅጌው ብቅ።