እንገር

ገላን መታጠፊያው ላይ፣ ከጎሚስታው ጓሮ፣
ሰማይ ሙሉ ሐምሌ ሲቀጠቅጥ ቆርቆሮ፣
አንድ ነጭ ቪኤይት ጭቃ እየናደ
ደጄ መጥቶ ቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ባለቤቱ ወረደ።

አቶ ሁንዴ ይባላል፤ ጠጠር ነው የሚሸጥ፤
ሰባት ሲኖትራክ አለው፤ እሱም እንደነሱ አንድ ቦታ አይቀመጥ።
‹‹ወንበሩን አልብስልኝ›› አለ፣ ‹‹ሙሉውን፣ እስከ በሩ።
ጥቁር ሰለቸኝ፤ ጥቁር ከሆነማ ይበቃል አፈሩ።››

(አፈሩ መረሬ ነው፤ በክረምት ያለፈበትን ሰው
ጫማውን በመያዣ የሚያስቀር።)

ናሙናዬን ዘረጋሁ፤ በሽቦ የተሰካ አርባ ቁራጭ ቆዳ።
ክሬም አሳየሁት፤ ‹‹ይሄ የሆስፒታል ግድግዳ።››
ቤዥ አሳየሁት፤ ‹‹ይሄ የቀበሌ በረንዳ።››
የዝሆን ጥርስ የሚሉት አለ፣ ውዱ፣ የጣልያን፤
‹‹ተወኝ›› አለ፣ ‹‹ዝሆን መቼ አየን?››

ምክሬን ለገስኩት፤ ሙያ ነውና።
ነጣ ያለ ቀለም ገላን ላይ አይበረክትም፤
ጅንስ ሱሪ ይለቅበታል፣ ማኪያቶ ይደፋበታል፣
ሕፃን በእስክሪቢቶ ይጽፍበታል፣
ከሰው በፊት ጭቃው ይቀመጥበታል።
ጥቁር አድርገው፤ ጥቁር ምስጢር ያውቃል፤
ነጩ ግን ያየውን ሁሉ ያወጣል።

ዝም አለ። ዝናቡ ስለ ሁለታችንም ተናገረ።
ከዚያ በዝግታ፣ በሌላ ድምፅ ጀመረ፤

‹‹እንገር ታውቃለህ?
ላም በወለደች ማግስት የሚታለበውን፣
ወፍራሙን፣ ወደ ቢጫ ዘንበል ያለውን፣ ገበያ የማይወጣውን?
እሱን ነው የምፈልገው። አሁን ሱቅህ ያለበት፣
ያ ጎሚስታው፣ ያ ነዳጅ ማደያው የቆመበት፣
የእኛ በረት ነበረ። ማርያምን፣ እዚሁ ነው የጠጣሁት።››

እንግዲህ ይሄን ቀለም የት አባቴ ላግኘው?
ሞጆ ወረድኩ፤ ሦስት ቀን ቆዳ ፋብሪካ ደጅ ጠናሁ።
ኬሚስቱ ‹‹ኮዱ ስንት ነው?›› አለኝ።
ኮድ የለውም፣ ጥጃ አለው፣ አልኩት። ሳቀብኝ።
በመጨረሻ አንድ ጥቅል፣ ሲነከር የተሳሳተ፣
ክሬም ሊሆን ተነሥቶ መንገድ ላይ ስሙን የረሳ፣
ሸምሱ ከጥግ ጎትቶ አወጣው።
ሸምሱ ተማሪዬ ነው፤ የመርካቶ ልጅ እንገር የት ያውቃል!

ሃያ ሁለት ቀን ሰፋን። ድርብ ስፌት፣ ክሩ የጭድ ቀለም።
ላሟ ወተቷን ጨርሳ ቆዳዋን ሰጠች፤
እኔ ደግሞ ቆዳዋን ወደ ወተቷ መለስኩት።
ይሄን ለሸምሱ ብነግረው
‹‹ጋሼ፣ ሂሳቡን እንጻፍ›› አለኝ።

በርክክቡ ቀን እናቱን ይዞ መጣ፤ አዴ ዲንቄን።
በሩን ከፈተላት። ጎንበስ ብላ አየች፣
እጇን ወደ ቆዳው ሰዳ ሳትነካው መለሰች።
‹‹ይሄ ለመቀመጫ ነው?›› አለች። ደግማ አልጠየቀችም።
መረሬ የጠገበ የፕላስቲክ ጫማዋን
ቤተስኪያን ደጅ እንደሚወለቀው ጎን ለጎን አድርጋ አወለቀች፣
በባዶ እግሯ ተሳፈረች።
በሩ ተዘጋ፤ የውድ መኪና በር አይጮኽም።
ቪኤይቱ ሄደ።
ጫማው ቀረ።

መረሬውን ስንት ዘመን አማሁት፣ ጫማ ያስቀራል ብዬ!
ይሄኛውን ያስቀረው የኔ ቆዳ ነው።

ማታ ሁንዴ ደወለ፤ ያወቁት ቢሾፍቱ ደርሰው ነው።
ሲስቅ ሰማሁት፤ ሳቁ መሀል ላይ ተበጠሰ።
‹‹አስቀምጥልኝ›› አለ።

አስቀመጥኩ። ግን እጅ ሥራ ይፈታል?
ከኋላው ወንበር የተረፈች ቁራጭ ነበረች፣ ክንድ የማትሞላ።
ጫማውን አጠብኩ፣ ለካሁ፣
ሁለት የውስጥ ሶል ቆረጥኩ፤ ልስልሱን ወደ ላይ፤
ማስቲሽ ቀብቼ እስኪይዝ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።
ሸምሱ ‹‹ይሄስ በየትኛው ደረሰኝ ነው?›› አለ።

ለእሷ አንነግራትም።
ካወቀች፣ እሱንም ታወልቀዋለች።