ስታልፍ የጎደለው

አባቴ በላውሻ ብርጭቆ ነፊ ነበር፤
ሃምሳ ዓመት ከእሳት ጋር እስትንፋስ ሲበዳደር።
በመስታወቱ ሆድ ውስጥ አንዲት አረፋ ብትቀር
ወደ መስኮት ያነሳና፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤
«ይቻትና!» ይላል፤ በጥፍሩ ኳ አርጎ ወደ እሳቱ ይመልሰዋል።
ለጠራ ነገር ዓይን ይበቃል።

የኔ ግን አይጠራም። በቱቦ ይወርዳል፤
ብርማ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ፊትህን ይመልሳል፤
እንደ ጎረቤቴ፣ እንደ ፍራው ሽትራውበል፣
ሆዱን የደበቀ፣ ፈገግታው የማይጎድል።
ጋሊየም፣ ኢንዲየም፣ ቆርቆሮ ተዋህደው
ያለ እሳት፣ እንደ ውሃ፣ ቀን ከሌት የሚሄዱት ናቸው።
በመሃላቸው አንዲት ቅንጣት፣ የሰናፍጭን ሩብ የማታህል፣
ትዋኛለች ሰው ሳያውቃት፣ ወዲያ ወዲህ ሳትል።

እንዲህ ያለችዋ ናት በፋብሪካ ቅልጥ ውስጥ ተደብቃ
ነገ ከአውሮፕላን ክንፍ መሃል ስንጥቅ ሆና የምትነቃ።
ዘንግ ቢሰዱባት ዘንጉን ቅልጡ ይበላዋል፤
ጣት ቢሰዱ ጣትን።
ሳይነኩ ማወቅ ያሻል።

ስለዚህ ከቱቦው ጎን፣ በወረቀት ውፍረት ርቆ፣
አንድ ማግኔት ተሰቅሏል፣ ከወተት ጥርስ አንሶ፣ ከእስትንፋስ ተጠንቅቆ።
አይነካውም። ፈሳሹ ግን በአጠገቡ ሲያልፍ
ይጎትተዋል ጥቂት፣ በሌለ እጅ፣ በሌለ ጣት ጫፍ፤
ስሙን በሩቅ የሰማ መንገደኛ ዘወር እንደሚል።
ትንኝ ብታርፍበት ከዚህ በላይ ትከብዳለች።
ቅንጣቷ ደግሞ መጎተት አታውቅም፤ እሷ በምታልፍበት ቅጽበት
ጉተታው ይላላል።
ምልክቷም ያው ጉድለት።

ቀን አይሆንም፤ የጭነት መኪና፣ የበር ድምፅ፣ የተማሪ ጫጫታ።
በረዶ ጫካውን አፍኖ ኢልሜናው ሲተኛ ማታ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጫማ በር ላይ ጥለን፣
እኔና ቲልማን በካልሲ፣ ሳል እንኳ ውጠን።

በሦስተኛው ሌሊት መስመሩ ዘለለ። ቲልማን ጮኸ፣ አቀፈኝ።
ላይ ፎቅ ዘበኛው፣ ሄር ኩዋንት፣ ቁልፉን ጥሎ ኖሯል።
ሳቅም እንባም ያዘኝ።

በአስራ አንደኛው ግን ዝቅ አለ፤
ትንሽ፣ የሽፋሽፍት ሰበር።
አልጮህንም። ፓምፑ ቀለበቱን ዞሮ ሊመልሳት
አርባ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ እንቆጥር ነበር።
ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ።
በአርባ አንድ ያችው ራሷ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ሰበር።

ጎህ ሳይቀድ ለአባቴ ደወልኩ። ዛሬ ዓይኖቹን
ሃምሳ ዓመት ያየው እሳት ጋርዷቸዋል ሁለቱን።
«አየሻት?» አለኝ።
«አላየኋትም» አልኩት።
«ነካሻትስ?»
«አልነካኋትም።»
«ታዲያ በምን አወቅሻት?»
«ስታልፍ የጎደለውን ቆጠርኩት።»

ዝም አለ። ትንፋሹን ብቻ በስልኩ ሰማሁት፣
ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ብርጭቆ እንደሚነፋበት።
ከዚያ ጥፍሩ ጠረጴዛ ላይ ኳ አለና፦
«ይቻትና!»

ከኋላዬ ፓምፑ ይዞራል፤ መስመሩ ዝቅ ሳይል አልቀረም ይሆናል።
ዞሬ አላየሁም።
ሠላሳ ስድስት ላይ ነበርኩ።