ሦስት ዱላ፣ አንድ ክር

ሎማ ሴካ ማለት «ደረቅ ኮረብታ» ነው፤
ስሙን ያወጣ ሰው ምን ያህል አወቀው!
በሆንዱራስ ምዕራብ፣ በሌምፒራ ገደል፣
በየሚያዝያው ወር ሲነድ፣ ሲቃጠል፣
በየጥቅምቱ ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ
አፈሩ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሰደድ፣
በቆሎው ከጉልበት አያልፍም ነበር።
«ድሮም እንዲህ ነው» ይላል ሽማግሌው ኒካኖር።

አንድ ሰው ከማዶ ሸለቆ መጣ፣ ተሸክሞ ሦስት ዱላ፣ አንድ ክር፤
ክሩ ጫፍ ላይ ድንጋይ፣ ሌላ የለውም ነገር።
ኤውሴቢዮ ይባላል። መሐንዲስ አይደለም፤
ጫማው ጭቃ በጭቃ፤ ንግግር አያውቅም።
«አልጋ አንጥፌ የምተኛበትን ያህል መሬት ስጡኝ» አለ፤
ሁሉም ጎረቤቱን አየ፦ የሚሰጥ የታለ?
ዶሚቲላ ሰጠች፣ ከሁሉ የከፋውን፣
ድንጋይ የወጣበት፣ ፍየል የናቀውን።

ሁለቱን ዱላዎች ጫፍ ለጫፍ አሰረ፣
ሦስተኛውን መሀል አግድም ወጠረ፤
ድንጋዩ ከአናቱ ቁልቁል ይወዛወዛል፤
በእኛ ፊደል ቢሆን፣ መቀነት የታጠቀ «ለ»ን ይመስላል።
አንድ እግሩን ተክሎ፣ አንዱን እያዞረ፣
ክሩ መሀል ሲቆም ችካል እየቀበረ፣
በተዳፋቱ ላይ ሳይወጣ፣ ሳይወርድ
ሄደ፣ ውሃ ጋደም ብሎ በሚያርፍበት መንገድ።

ሰፈርተኛው ሳቀ፦ «ተራራ በክር ሊያስር!
ነገ ደግሞ ነፋስ በቅርጫት ሊሰፍር!»

በሦስተኛው ቀን ሄደ። ዱላውን ተወላት፤
ከጥቁር አደንጓሬም እፍኝ ሙሉ ሰጣት፣
«ይኼ ለአፈር እንጂ ለሆድ አይሆንም» ብሎ።
(ኒካኖር ግን በላ፣ ድስት ሙሉ ቀቅሎ፤
ቤቱ ሲዞርበት ዋለ፣ ራሱን ጠቅልሎ።)

የመጀመሪያው ዝናብ መጣ። የዶሚቲላ ቦይ ተሸረፈ፤
ውሃው አንዱን ጥግ መርጦ፣ ሰብሮ አለፈ።
ልትደብቀው ትችል ነበር፣ ቅጠል ጣል አድርጋ፤
እሷ ግን ጎረቤት ጠራች፣ ገና ሳይነጋ፦
«ኑ፣ እዩ፣ የት ጋ እንደተሳሳትሁ!
አንድ እግሩ ያጥራል፤ ሳላስተያይ ለካሁ።»
ክሩ ያረፈበትን በከሰል ምልክት አድርጋ፣
እዚያው እግሮቹን አቀያይራ፣ ዳግም ያረፈበትን ፈልጋ፣
በሁለቱ ምልክት መካከል ሦስተኛ ጫረች።
«እውነቱ እዚህ ነው፤ በሁለቱ ስህተት መሀል» አለች።

ካልተገላበጠ የሚያረው ቂጣ ብቻ መስሎኝ ነበር።
ለካ ሚዛንም ያራል። ዕውቀትም ያራል፣
ከአንድ ሰው እጅ ላይ ሲውል ሲያድር።

ያ ዓመት ጥቅምት ከበደ፤ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ።
የኒካኖር አፈር ተነሳ፣ እንደ መንጋ ተጠራራ፣
ቡናማ ሆኖ ወደ ወንዙ ተመራ።
በዶሚቲላ በኩል ውሃው ቦዩ ውስጥ ተኛ፤
ቅጠሉ ተቀበለው፣ እንደ እንግዳ እንጂ፣ መች እንደ ቀማኛ።

በኅዳር አንድ ሌሊት ከማዶ ፋኖስ በራ፤
ኒካኖር ነው፤ ሦስት ዱላ አስሮ፣
ማሳውን ሲለካ፣ ሰው እንዳያየው ሲፈራ።
ዶሚቲላ ከደጇ ቆማ አየች። አልሳቀች።
ፋኖሱ እስኪጠፋ ጠብቃ፣ ገብታ ተኛች።
ሲነጋ በዚያ በኩል አለፈች፣ እንደዋዛ፣
እፍኝ ዘር በመሐረብ ይዛ።
«ክር በነፋስ አይታመንም» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።
ስለ ሳቁም፣ ስለ ድስቱም አላነሳችም።

ያ የመጀመሪያው ዱላ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም፤
ከቤት ቤት ሲዞር ማገዶ ሆኗል ይላሉ፤ ማንም አልተቆጣም፤
በየደጁ ሌላ ቆሟል።

«ለ» ብቻዋን ምንም አይደለችም፤
ስም ካልተከተላት ቃል አትሆንም፦
ለዶሚቲላ። ለኒካኖር። ለማያውቁት የማዶ ሰው።

የኒካኖር የልጅ ልጅ ኦዲልያ፣ ሁለት ወንዝ ተሻግራ፣
ሌላ ደረቅ ኮረብታ ሥር ቆማለች፤
«አልጋ አንጥፌ የምተኛበትን ያህል መሬት ስጡኝ» ትላለች።
አንዱ ይስቃል።
እሷ ዱላውን ታቆማለች፤
ከሰሉን ከኪሷ አውጥታ
እግሩን ታገላብጣለች።